ከባህር ጠለል በላይ

ወርቃ ላይ ባህር የሚነሳው በአንድ አጋጣሚ ብቻ ነው፤ የቡና ከረጢት ላይ። «ወርቃ፣ ገደብ ወረዳ፣ ጌዴኦ ዞን፣ ከባህር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ» ይላል ጽሑፉ። ከዚያ ውጪ ባህር ለእኛ የዜናና የፊልም ነገር ነው። ከዲላ ተነስቶ፣ ወናጎንና ይርጋ ጨፌን አልፎ ወደ ገደብ ለሚወጣ ሰው በግራም በቀኝም የሚታየው ተዳፋት ነው። እንሰት፣ ከጎኑ ቡና፣ ከላያቸው ትልልቅ ዛፍ። ስለዚህ ዛሬ ስለ ባህር ድንጋይ ልጻፍ ስል «ምን አገባህ?» የሚለኝ አይጠፋም። ያገባኝማ ግንቤ ስለፈረሰ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወርቃ ያለው የቤተሰቤ ቤት የተሰራው ተዳፋት ላይ ነው። ከጓሮው በታች የእግር መንገድ አለ፤ ጠዋት ጠዋት ተማሪዎች ይሄዱበታል። ጓሮውን ወደ መንገዱ እንዳይንሸራተት ይዞት የኖረው አያቴ ያለ ጭቃ፣ ያለ ሲሚንቶ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየደረደሩ የሰሩት ካብ ነበር። ካቡ አርጅቷል። አንድ ቦታ ሆዱ ወጣ ብሏል፤ ሌላ ቦታ ሁለት ሦስት ድንጋይ ወድቆ ሳር በቅሎበታል።

እኔ አዲስ አበባ ደመወዝ መያዝ ስጀምር፣ እንደማንኛውም ከተማ ገብቶ እንደተመለሰ ልጅ፣ «ይሄን የድሮ ነገር አፍርሰን ደህና ግንብ እንስራ» አልኩ። አጎቴ «አንተ ልጅ፣ ካቡን ብንጠግነው አይሻልም?» ብለውኝ ነበር። ማን ይሰማል! ሲሚንቶ ተገዛ፣ ግንበኛ ተቀጠረ። ርዝመቱ 6 ሜትር፣ ቁመቱ 2 ሜትር የሆነ፣ ፊቱ ልስልስ ያለ ግንብ ቆመ። ፎቶ አነሳሁት፤ ለጠፍኩት፤ ላይክ ዘነበ። ከዚያ ደግሞ እውነተኛው ዝናብ ዘነበ።

በሚያዝያ አንድ ሌሊት ግንቡ እንዳለ ተገነደሰና የእግር መንገዱን ሞላው። ሌሊት ስለነበር የተጎዳ ሰው የለም። ጥቂት ሰዓታት ቆይቶ፣ ልጆቹ ደብተራቸውን ይዘው በሚያልፉበት ሰዓት ቢሆን ኖሮ ግን ዛሬ ይህን ጽሑፍ የምጽፍበት ወኔ አይኖረኝም ነበር። ግንበኛውን አልወቅስም። «ቀጭን ይሁን፣ ፈጠን ይበል፣ ወጪው ይቀንስ» ያልኩት እኔ ነኝ።

ወርቃ የደረስኩት በሦስተኛው ቀን ነው። ማታ መብራት ጠፍቷል። እኔና አጎቴ በረንዳ ላይ ተቀምጠን ቡና እስኪፈላ እንጠብቃለን። እሳቸው ዝም ብለዋል፤ እኔም የምናገረው ስለሌለኝ ስልኬን እነካካለሁ። ስክሮል ሳደርግ አንድ ቪዲዮ መጣ። ትልቅ ባለ ሰንሰለት ኤክስካቫተር ባህር መሃል ባለ የድንጋይ ክምር ላይ ቆሟል። ከግራም ከቀኝም ማዕበል ይመታል። ኦፕሬተሩ አንድ ግዙፍ ድንጋይ በማሽኑ ክንድ አንስቶ፣ ወደ አንድ ክፍተት ያስጠጋዋል፤ አልገጥም ሲለው ያነሳዋል፤ ያዞረዋል፤ እንደገና ያስቀምጠዋል። ስልኩን ወደ አጎቴ አዞርኩት።

ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ «ይሄ ሰውዬ ባህር ላይ ካብ እየካበ ነው እንዴ?» አሉ።

«መሰለኝ፣ አጎቴ።»

«ከስሩ ምን አደረገ? ውሃውስ በየት በኩል እንዲወጣ ነው ያሰበው?»

ስለ ማሽኑ ዋጋም ሆነ ስለ ጉልበቱ አንድም ነገር አልጠየቁኝም። የጠየቁኝ ሁለቱን ነገር ብቻ ነው። እኔ ግንቤን ሳሰራ ያልጠየቅኳቸው እነዚያኑ ሁለቱን። በዚያ ሌሊት የቀረኝን ዳታ በሙሉ የጨረስኩት የሁለቱን ጥያቄ መልስ ስፈልግ ነው።

የባህር ካብ

ቪዲዮው ላይ ያየነው ዓይነት ግንባታ ጄቲ ይባላል። ከዳርቻ ተነስቶ ወደ ባህሩ ውስጥ የሚዘልቅ ረጅም የድንጋይ ክምር ነው። አንዱ ሥራው ማዕበልን መስበር ነው። ሌላው ሥራው ደግሞ ብልሃት አለበት፤ ወንዝ ወደ ባህር የሚገባበትን አፍ ያጠብባል። አፉ ሲጠብ የውሃው ፍጥነት ይጨምራል። ፈጣን ውሃ ደግሞ አሸዋውን ራሱ ጠርጎ ይወስደዋል። እናም መርከብ የሚያልፍበት ጥልቅ መስመር ሳይደፈን ይቆያል። ውሃን በውሃ ማስጠረግ በሉት።

በዓለም ላይ በዚህ ሥራ ስማቸው ከሚነሳ ቦታዎች አንዱ የአሜሪካው ኮሎምቢያ ወንዝ ፓስፊክ ውቅያኖስን የሚቀላቀልበት፣ በኦሪገንና በዋሽንግተን ግዛቶች መካከል ያለው አፍ ነው። ባለፉት ሁለት መቶ ዓመታት ውስጥ ወደ 2,000 የሚጠጉ ትናንሽና ትልልቅ መርከቦች እዚያ አካባቢ ጠፍተዋል ይባላል። ቅጽል ስሙም «የፓስፊክ መካነ መቃብር» ነው። የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች የደቡቡን ጄቲ መስራት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1885 ነው። የመጀመሪያው ክፍል በ1895 አለቀ። አልበቃ ሲል ደግሞ እስከ 1913 ድረስ አስረዘሙት፤ ርዝመቱ ከ10 ኪሎ ሜትር አለፈ። የሰሜኑ ጄቲ በ1917 ተጠናቀቀ።

ያኔ ኤክስካቫተር የሚባል ነገር እንደዛሬው የለም። ባህሩ ላይ የእንጨት ምሰሶ ተተክሎ፣ በምሰሶዎቹ ላይ ሃዲድ ተዘርግቶ፣ ድንጋይ የጫነ ባቡር እስከ ባህሩ መሃል እየሄደ ይደፋ ነበር። ድፍት ብቻ። ድንጋዩ በወደቀበት ይቀራል።

ባህሩም አልተኛም። በክረምቱ ወጀብ ከላይ ያለውን ድንጋይ አንድ በአንድ እየነቀለ፣ ከስር ያለውን አሸዋ እየቦረቦረ ዓመታትን ቆጠረ። ጄቲው በ1930ዎቹ ተጠገነ፤ ከዚያም ወዲህ ደጋግሞ ተጠገነ። ያም ሆኖ የደቡቡ ጄቲ ጫፍ ከመጀመሪያ ቦታው ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ኋላ ተበልቷል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለሰው ብቻ አይደለም። ለዚህ ነው ባለፉት ዓመታት የሰሜኑም የደቡቡም ጄቲ ትልቅ የጥገና ሥራ የተጀመረላቸው። በዚህኛው ዙር ድንጋዩ እንደ ድሮው አይደፋም፤ አንድ በአንድ ይቀመጣል። የማሽኖቹ ጥቅምም እዚህ ላይ ነው።

ኦፕሬተሩ ምን እያደረገ ነው?

ሥራው የሚሰራው በበጋ ነው። ወጀቡ ሲመጣ ማሽን ይወጣል፤ ባህሩ ሲረጋ ይመለሳል። መጀመሪያ የጄቲው ጀርባ በትናንሽ ድንጋይ ተደልድሎ ለማሽኑና ለገልባጭ መኪናው መንገድ ይሆናል። ኤክስካቫተሩ ራሱ በሰራው መንገድ ላይ ወደ ባህሩ ይገባል፤ ሥራውን ሲጨርስም ወደ ኋላ እያፈገፈገ ይወጣል። የሚፈለገው ድንጋይ በጣም ሲከብድ ወይም ሩቅ ሲሆን ክሬን ያግዘዋል።

የማሽኑ ባልዲ ፊት ለፊት እንደ አውራ ጣት የሚታጠፍ ብረት አለ። ኦፕሬተሩ ድንጋዩን በባልዲውና በዚያ «አውራ ጣት» መካከል ይይዘዋል። እኛ ሰፈር ቦይ ሲቆፍር የምናየው ኤክስካቫተር ያፍሳል፤ ይህኛው ግን ይመርጣል። ድንጋዩን ያዞራል፤ ጠፍጣፋ ጎኑንና ሹል ጎኑን ይለያል፤ ከዚያ ቢያንስ በሦስት ቦታ ጎረቤቶቹን እንዲነካ አድርጎ ያስቀምጠዋል። በሁለት ቦታ ብቻ የተደገፈ ድንጋይ ይወዛወዛል። የሚወዛወዝ ድንጋይ ደግሞ ጊዜ ይፍጅ እንጂ መውጣቱ አይቀርም።

ከምንም በፊት ግን ስሩ ነው። ነገርን ከስሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? በጄቲው ግርጌ፣ ከውሃው በታች፣ ማንም የማያየው ቦታ ላይ፣ ከላይ የሚመጣውን ክብደት የሚሸከምና እንዳይንሸራተት የሚይዝ ድንጋይ ይደረደራል። ባህሩ መጀመሪያ የሚያጠቃው እሱን ነው። ግርጌው ከተቦረቦረ የላዩ ምንም ቢያምር ይንሸራተታል። የአጎቴ የመጀመሪያ ጥያቄ መልስ ይኸው።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ ማለትም «ውሃው በየት ይወጣል?» የሚለው፣ ይበልጥ ያስገርማል። ጄቲ ውሃን አጥሮ የሚያቆም ግንብ ይመስለን ነበር፤ አይደለም። ሦስት ንብርብር አለው። ከውስጥ ልብ የሚሆነው ከድንጋይ ካባ እንደወጣ የመጣ፣ ትንሹም ትልቁም የተደባለቀ ድንጋይ ነው። ከዚያ ላይ መካከለኛ ድንጋይ ይለብሳል። ከሁሉ በላይ ግዙፎቹ ይደረደራሉ። የመካከለኛው ንብርብር ድንጋይ አብዛኛውን ጊዜ የላይኛውን አንድ አስረኛ ያህል ይመዝናል፤ እንዲህ የሚደረገው የውስጡ ጥቃቅን በላይኛው ክፍተት ሾልኮ እንዳይወጣ ነው። በግዙፎቹ ድንጋዮች መካከል ያለው ባዶ ቦታ ከጠቅላላው መጠን ሲሶውን ወይም ከዚያ በላይ ይይዛል። ማዕበሉ ሲመጣ በእነዚያ ክፍተቶች ውስጥ ይገባል፤ ይበታተናል፤ እርስ በርሱ ይጋጫል፤ ጉልበቱን ጨርሶ ይመለሳል። ክፍተቱ ጉድለት አይደለም። ሥራውን የሚሰራው ክፍተቱ ነው።

ድንጋዮቹ ለምን ይህን ያህል ግዙፍ ሆኑ? አንድ ድንጋይ ባህር ውስጥ ሲገባ ውሃው ወደ ላይ ስለሚያነሳው ከክብደቱ ወደ 40 በመቶ የሚጠጋውን ያጣል። በዚያ ላይ መሐንዲሶች የሚጠቀሙበት፣ በአሜሪካዊው ሮበርት ሃድሰን ስም የሚጠራ ስሌት አለ። ስሌቱ እንደሚለው የሚያስፈልገው የድንጋይ ክብደት ከማዕበሉ ቁመት ጋር እኩል አያድግም። የማዕበሉ ቁመት በእጥፍ ቢጨምር፣ የድንጋዩ ክብደት 8 እጥፍ መሆን አለበት። ለዚህ ነው ኃይለኛ ባህር ፊት 20 ቶንና ከዚያም በላይ የሚመዝን አንድ ድንጋይ የሚቀመጠው። በእኛ ሂሳብ ልንገራችሁ፤ አንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር 60 ኪሎ የሚመዝን 320 ጆንያ ቡና ይጭናል፤ 19 ቶን ከ200 ኪሎ ማለት ነው። አንድ የጄቲ ድንጋይ አንድ ኮንቴይነር ቡና ሆነ ማለት ነው።

እንዲህ ያለ ድንጋይ በማይገኝበት አገር ደግሞ ኮንክሪት ይቀረጻል። በ1950 ፈረንሳዮች ባለ አራት እግሩን ቴትራፖድ ሰሩ። በ1960ዎቹ ደግሞ የአህጉራችን ተራ ደረሰ፤ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በምስራቅ ለንደን ወደብ ዶሎስ የሚባል፣ እርስ በርሱ እንደ ተቆላለፈ ጣት የሚያያዝ ቅርጽ ተፈለሰፈ። ዛሬ በብዙ አገር ወደቦች ላይ ይታያል። ዶሎስን የሚያጸናው ክብደቱ ብቻ አይደለም፤ መያያዙም ጭምር ነው።

ግንቤ ለምን ፈረሰ?

ጠዋት ላይ ከአጎቴ ጋር ፍርስራሹን ሄደን አየነው። አሁን ዓይኔ ተከፍቷል። የእኔ ግንብ የድንጋዩ ክፍተት በሙሉ በሲሚንቶ የተደፈነ፣ አንድም የውሃ መውጫ ቀዳዳ የሌለው ነበር። ከጀርባው ጠጠር አልተደረገለትም፤ የተቆፈረው አፈር ራሱ ነው ተመልሶ የተሞላው። ዝናቡ ሲበረታ ውሃው መውጫ አጣና ከጀርባው ተጠራቀመ።

ሂሳቡ ቀላል ነው። 2 ሜትር ቁመት ካለው ግንብ ጀርባ ውሃ እስከ አፉ ቢሞላ፣ ውሃው ብቻውን በእያንዳንዱ ሜትር ርዝመት ላይ ወደ 2 ቶን በሚጠጋ ኃይል ይገፋል። የእኔ ግንብ 6 ሜትር ነበር፤ 12 ቶን ሊደርስ ነው። የረጠበው አፈር ራሱ የሚገፋው ገና አልተቆጠረም። እኔ አፈሩን ያቆምኩ መስሎኝ ግድብ ሰርቼ ነበር፤ ያውም ግድብ መሆኑን ያላወቀ ቀጭን ግድብ።

የአያቴ ካብ ያን ሁሉ ዓመት የቆመው በክፍተቱ ነው። ዝናብ ሲመጣ በድንጋዮቹ መካከል ያነባል፤ ጫናው አይጠራቀምም። ሆዱ ወጣ ሲል ደግሞ ይታያል፤ ሰው አይቶ ይጠግነዋል። የሲሚንቶው ግንብ ግን አላስጠነቀቀኝም። እስከ መጨረሻዋ ሌሊት ድረስ እንዳማረበት ነበር።

ይህ የእኔ ቤተሰብ ብቻ ጥበብ አይደለም። ወደ ምዕራብ ወጣ ብላችሁ ኮንሶን ብታዩ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው መልክዓ ምድር 55 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ያረፈ ነው። የድንጋይ እርከኖቹ አንዳንድ ቦታ 5 ሜትር ከፍታ ይደርሳሉ፤ ታሪኩም ከ400 ዓመት በላይ ይቆጠራል። እርከኖቹ አፈሩን ይይዛሉ፤ ውሃውን ለእህሉ ያስቀራሉ፤ ትርፉን ደግሞ ያሳልፋሉ። ሳይደፍኑ መያዝ ማለት ይህ ነው።

እኛ ጌዴኦዎች ደግሞ ተዳፋታችንን የያዝነው በአብዛኛው በድንጋይ ሳይሆን በስር ነው። ትልቁ ዛፍ የዝናቡን ጉልበት ከላይ ይሰብራል። ከስሩ ያለው እንሰት በሰፊ ቅጠሉ የቀረውን ይቀበላል። ቡናው፣ ረግፎ መሬቱን የሸፈነው ቅጠልና የሁሉም ስር አንድ ላይ አፈሩን ይይዙታል። ይህ ደርብ በደርብ የሆነ አስተራረስ ነው የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. ሪያድ ላይ በተካሄደው ጉባኤ በዓለም ቅርስ መዝገብ ያስገባው። አስቡት፤ ከላይ ግዙፉ፣ ከመሃል መካከለኛው፣ ከስር ጥቃቅኑ። ጄቲው በድንጋይ የሰራውን ሦስት ንብርብር እኛ በሕይወት ባለው ነገር ሰርተነዋል። ልዩነቱ የእኛው ቡናም ቆጮም ያበላል።

የሰው ጄቲ፣ የእኛ ቡና

«ባህር የለንም፤ ስለ ጄቲ ማወቅ ምን ያደርግልናል?» ለሚለኝ አንድ ነገር ላስታውስ። ባህር ነበረን፤ የባህር ድንጋይ ታሪክም አለን። ምፅዋን ከደሴትነት አውጥቶ ከየብስ ጋር ያገናኛት ውሃውን አቋርጦ የተሰራ የድንጋይ መንገድ ነው፤ በ1870ዎቹ በግብፆች ዘመን በቨርነር ሙንዚንገር የተሰራ። ከተማዋ በ1921 በመሬት መንቀጥቀጥ ፈረሰች፤ እንደገና ተሰራች። በ1941 ጣሊያኖች ሲሸነፉ ወደቧን በራሳቸው መርከብ ደፈኗት፤ በማግስቱ ዓመት መርከቦቹን የማውጣት ሥራ ተጀመረ። ወደብ ማለት ሲፈርስ የሚሰራ፣ ሲደፈን የሚጠረግ ነገር መሆኑን ምፅዋ ታውቀዋለች።

ዛሬ የአገራችን የወጪና ገቢ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በጂቡቲ ነው። የወርቃ ቡና ታጥቦ፣ በአልጋ ላይ ደርቆ፣ አዲስ አበባ ተበጥሮ፣ ጂቡቲ ላይ መርከብ ይሳፈራል። መርከቡ የሚቆምበት ውሃ የሚረጋው ሰው ድንጋይ ስለደረደረበት፣ የተደረደረውንም ስለሚጠብቀው ነው። አንድ ወደብ ለጥቂት ቀናት ቢዘጋ ገደብ ላይ ያለ ገበሬ ዋጋው ላይ ይሰማዋል። ከባህር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ላይ ብንሆንም ከባህሩ አላመለጥንም።

ማሽኑ ወደ እኛም መጥቷል

ኤክስካቫተር ከባህር ዳር ይልቅ ለእኛ የሚቀርበው በመንገድ ሥራ ነው። መንገድ እንፈልጋለን፤ ክርክር የለውም። እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን ወደ ማጠቢያው ካልደረሰ ጥራቱ ይወርዳል። ነፍሰ ጡር ሴት ሐኪም ቤት መድረስ አለባት። ግን ተዳፋት ላይ መንገድ ሲቆረጥ ማሽኑ የሚነካው የኮረብታውን ግርጌ ነው፤ ባህሩ የጄቲውን ግርጌ እንደሚቦረቡረው ማለት ነው። ስር ለዘመናት የያዘውን አፈር ኤክስካቫተር በአንድ ቀን ይገልጠዋል። ከዚያ በኋላ ያ ቦታ በሌላ ነገር መያዝ አለበት፤ በድጋፍ ግንብ፣ ድንጋይ በሽቦ መረብ ታጭቆ በሚሰራ ጋቢዮን፣ ወይም በሳርና በዛፍ። ጋቢዮን የሚወደደው ለምንድን ነው? ውሃ ያሳልፋል፤ መሬቱ ትንሽ ቢሰምጥ አብሮ ይታጠፋል እንጂ አይሰበርም። በሲሚንቶ የተሰራ የድጋፍ ግንብ ላይም ተደርድረው የምታዩዋቸው ቀዳዳዎች ለጌጥ አይደሉም፤ መተንፈሻው ናቸው።

ይህ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በዚሁ በእኛ ክልል፣ በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ከከባድ ዝናብ በኋላ የወረደው የመሬት ናዳ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ብዙዎቹ የሞቱት በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት ሮጠው የሄዱ ጎረቤቶች ናቸው። ሰው በአካፋና በእጁ ሲቆፍር የሚያሳየውን ምስል ሁላችንም በስልካችን አይተነዋል። ተዳፋት ላይ ለሚኖር ሰው ውሃው በየት እንደሚወጣ ማወቅ የሞያ ጥያቄ ብቻ አይደለም።

ስለዚህ ሰፈራችሁ ያለውን ግንብ፣ ካብ ወይም የተቆረጠ ተዳፋት እዩት። ሆዱ ወጥቷል? ከላይ፣ ከግንቡ ጀርባ፣ መሬቱ በርዝመቱ ተሰንጥቋል? ዛፉ ወይም የመብራት ምሰሶው ዘንበል ብሏል? የመንገዱ ዳር ቦይና ቱቦ በፕላስቲክና በጭቃ ተደፍኗል? ጥርት ብሎ ይወጣ የነበረ ምንጭ ደፍርሷል፣ ወይም ባልነበረበት ቦታ ውሃ ማመንጨት ጀምሯል? በየወሩ ከአንድ ቦታ ቆማችሁ ፎቶ አንሱት። ሰው ዓይን ላይ የማይታይ ለውጥ ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን ሲሆን ይታያል። አጠራጣሪ ነገር ካያችሁ ፎቶውን ይዛችሁ ቀበሌ ሂዱ፤ በከባድ ዝናብ ሌሊት ደግሞ ከስሩ አትደሩ። ቦይ መጥረግ ደግሞ ማሽንም በጀትም አይጠይቅም። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ነው።

ለኦፕሬተርነት ለምትማሩ ወጣቶችም አንድ ቃል። ማርሽና ክንዱን ማንቀሳቀስ በጥቂት ወራት ይለመዳል። ቪዲዮው ላይ ያየሁት ሰው ግን አንድን ድንጋይ ሦስት ጊዜ አንስቶ ሦስት ጊዜ ያስቀመጠው ማሽኑን ስላልቻለበት አይደለም፤ ድንጋዩን ስለሚያነብ ነው። ያንን ደግሞ ሰፈራችሁ ያሉ ካብ የሚያውቁ አባቶች በነፃ ያስተምሯችኋል።

እንደገና

የወደቀውን ግንብ መልሰን ካብነው። ጎረቤት ተጠርቶ፣ በደቦ፣ በቡናና በቆሎ። አጎቴ መጀመሪያ ያደረጉት ግርጌውን ማስቆፈር ነው፤ ጠንካራ መሬት እስኪገኝ። ትልልቆቹን ድንጋዮች ከስር አስቀመጡ። ካቡን ትንሽ ወደ ኋላ፣ ወደ አፈሩ ዘንበል አደረጉት። በየመሃሉ ረጃጅም ድንጋይ ወደ ውስጥ ገብቶ እንዲይዝ አስደረጉ። ከጀርባው፣ ከላይ እስከ ታች፣ ጠጠር ሞላንበት። ከጓሮው በላይ ደግሞ የዝናቡን ውሃ ወደ ጎን የሚወስድ ቦይ ቆፈርን። ከሲሚንቶው ግንብ ፍርስራሽ የሚጠቅመውን ድንጋይ ለይተን መልሰን ተጠቀምንበት።

እኔም አንድ ድንጋይ ይዤ መጣሁ። አስቀመጥኩት። አጎቴ በአንድ እጃቸው ነካ አደረጉት፤ ተወዛወዘ።

«አንሳው።»

አነሳሁት። አዞርኩት። መልሼ አስቀመጥኩት። አሁንም ተወዛወዘ።

«አንሳው፣ ልጄ። ድንጋዩ ቦታ አለው፤ አንተ ነህ ያላገኘህለት።»

በአራተኛው ዝም አለ።

ካቡ ካለቀ በኋላ ከጎረቤት አንዱን ልጅ በየወሩ ከዚያው ከአንድ ቦታ ቆሞ ፎቶ እንዲልክልኝ ለመንኩት። አላሳፈረኝም፤ ወር በገባ ቁጥር ይመጣልኛል። ባለፈው ወር የላከውን ከበፊቱ ጋር ሳስተያየው፣ ከላይ ወደ ግራ ያለች አንዲት ድንጋይ ጣት ያህል ወጣ ብላለች። ወዲያው አጎቴ ጋ ደወልኩ።

«አይቻታለሁ» አሉ። «ትናንት መልሼያታለሁ።»